ለተዘጋው የሰፈር ሲኒማ ቤት፦ መጀመሪያ ጣሪያው፣ ቀጥሎ መግቢያው፣ አዳራሹ በመጨረሻ

ጥያቄው፦ «በአራዳ ክፍለ ከተማ የአንድ እድር ኮሚቴ አባል ነኝ። በሰፈራችን ከ20 ዓመት በላይ ተዘግቶ የኖረ ሲኒማ ቤት አለ። ግማሹ የወረዳው ዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል፤ የቀረው ባዶ ነው። ወጣቶቹም ሽማግሌዎቹም የሰፈሩ ሰው የሚገለገልበት ቦታ እንዲሆን እንፈልጋለን። ገሚሶቻችን ባለሀብት ይፈለግ እንላለን፤ ገሚሶቻችን እንደ ድሮው ፊልም ያሳይ እንላለን። ከየት እንጀምር? የታክሲ ማቆሚያው ዛሬም በሲኒማ ቤቱ ስም ይጠራል፤ ስሙንስ እንቀይረው ወይ?»

ውድ ጠያቂ፣

ጥያቄዎን ያነበብኩት ደስ እያለኝም እየሰጋሁም ነው። ደስ ያለኝ የሰፈሩ ሰው ራሱ ተነሥቶ የሚጠይቅለት ሕንፃ ብርቅ ስለሆነ ነው፤ የሰጋሁት ደግሞ «ባለሀብት ይምጣ» እና «ፊልም ቤት ይሁን» የሚለው ክርክር እልባት እስኪያገኝ ድረስ ሕንፃው ሁለትና ሦስት ክረምት ሊዘንብበት ስለሚችል ነው። በአሮጌ ሕንፃዎች ጥገና ላይ እንደሚሠራ አርክቴክት የምመክራችሁ ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ ጣሪያውን ከዝናብ አድኑ፤ ቀጥላችሁ ትኬት ይቆረጥበት የነበረውን የመግቢያ ክፍል ብቻ አጽድታችሁ ለሰፈሩ ሰው ክፈቱ፤ ትልቁን አዳራሽ ለመጨረሻ አቆዩት። ብዙ ጊዜ ሲደረግ የማየው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ለአዳራሹ ወንበርና መጋረጃ ገንዘብ ይሰበሰባል፣ ገንዘቡ መንገድ ላይ ያልቃል፣ በሩም እንደተዘጋ ይቀራል።

አንድ ሚስማር ከመምታታችሁ በፊት ግን ሕንፃው የማን እንደሆነ በወረቀት እወቁ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ የተወረሱት ቤቶች በኪራያቸው መጠን ተከፋፍለው ነበር፤ በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሚከራዩት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ። የኪራይ ቤቶች ድርሻ ዛሬ በፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ሥር ነው። ሲኒማ ቤቶችን ደግሞ ለብቻው የሚያስተዳድር የከተማው መሥሪያ ቤት ነበር። ስለዚህ ዛሬ ቁልፉ በወረዳው እጅ መሆኑ ብቻውን ሕንፃው የወረዳው ነው አያሰኝም፤ ወረዳው ባዶ ሆኖ ስላገኘው ብቻ ዕቃ አስገብቶበት ሊሆን ይችላል። የወረዳውን የቤቶች ጽሕፈት ቤት፣ ኮርፖሬሽኑንና የክፍለ ከተማውን የይዞታ ምዝገባ ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ጠይቁ፤ መልሱንም በደብዳቤ ተቀበሉ። በቃል የተገኘ «ችግር የለም፣ ግቡ» የሚል ፈቃድ ኃላፊው ሲቀየር አብሮት ይሄዳል።

በዚያው ደብዳቤ ቦታው በከተማው ፕላን ለምን አገልግሎት እንደተመደበና በኮሪደር ልማት ወይም በመልሶ ማልማት ክልል ውስጥ መሆን አለመሆኑን ጠይቁ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ምን ያህል እንደተለወጠ በዓይናችሁ ያያችሁ የአራዳ ሰዎች ስለሆናችሁ ይህን ማብራራት አይጠበቅብኝም። ሕንፃው በቅርስነት መመዝገቡንም ከከተማው ባህል ቢሮ አጣሩ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገና አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ እንዲያገኝ ያዝዛል፤ ስለዚህ የተመዘገበ ከሆነ በራሳችሁ ፈቃድ ግድግዳ ማፍረስ ቀርቶ መስኮት መቀየርም አትችሉም። ካልተመዘገበ እንዲመዘገብ አመልክቱ። አንዳንዶች መመዝገቡ እጃችንን ያስረናል ብለው ይሸሻሉ፤ እኔ ግን በመሀል ከተማ፣ ቦታው ከሕንፃው በላይ በሚፈለግበት ሰፈር፣ ከዚህ የተሻለ መከራከሪያ አላውቅም።

ፈቃድ አግኝታችሁ ስትገቡ በባትሪ መብራት ግቡ፤ ኤሌክትሪኩ ከቆጣሪው ተቆርጦ ይቆይ፣ የድሮውን ማብሪያ ማንም አይንካ። የእርግብ ኩስ የሞላበት ወለል ደረቁን አይጠረግም፤ አቧራው ለሳንባ አደገኛ ስለሆነ በውኃ እየረጠበ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ ይጠረጋል። ኮርኒሱ ወይም የጣሪያው ክዳን ግራጫ፣ ደረቅ፣ ከሲሚንቶ የተጋገረ የሚመስል ሰሌዳ ከሆነ አስቤስቶስ ያለበት ሊሆን ይችላልና አትስበሩት፣ አትቦርቡሩት፣ ባለሙያ እስኪያየው ድረስ ባለበት ተዉት። ግድግዳው ላይ ስንጥቅ ካያችሁ ስንጥቁን አቋርጣችሁ የመዳፍ ያህል ጀሶ ለጥፉና ቀኑን ጻፉበት። ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው ዛሬም እየተንቀሳቀሰ ነው፤ ደህና ከሆነ ስንጥቁ የቆየ ቁስል ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሡት ርዕደ መሬቶች አዲስ አበባ ድረስ ስለተሰሙ ይህን ምርመራ የትኛውም አሮጌ ሕንፃ ላይ አልዘለውም። ፎቁ ላይ ያለው ሰገነት ግን መሐንዲስ ሳይመረምረው አንድም ሰው አይውጣበት። ሰው ተፋፍጎ የሚቆምበት ወለል በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር እስከ 500 ኪሎ ግራም እንዲሸከም ታስቦ ነው የሚሠራው፤ ለዓመታት ውኃ የጠጣ ሰገነት ይህን መሸከሙን በዓይን አይቶ ማወቅ አይቻልም።

የፊልም ማሽኑ ክፍል ስትደርሱ ትንሽ ቆዩበት። እኔ የዛሬ ጥቂት ዓመት ይህን መሰል አዳራሽ ውስጥ ስገባ ወደ አዳራሹ በሚያዩት ትንንሽ ቀዳዳዎች ላይ የብረት መዝጊያዎች በዛገ ሽቦ ተንጠልጥለው አገኘሁ፤ አብረውኝ የነበሩት ወጣቶች ምን እንደሆኑ ጠየቁኝ። እስከ እ.ኤ.አ. 1951 አካባቢ ድረስ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚሠራበት ናይትሬት አንዴ ከተቀጣጠለ ውኃ ውስጥ እንኳ የማይጠፋ ነገር ነበር። እሳት ከተነሣ መዝጊያዎቹ ወርደው ተመልካቹን ከእሳቱ ይለዩታል፤ የማሽን ክፍሎች ወፍራም ግድግዳና የራሳቸው በር እንዲኖራቸው የተደረገውም ለዚሁ ነው። ወፍራም ግድግዳና ትንሽ ቀዳዳ ያለው ክፍል ደግሞ ለድምፅ መቅረጫ የሚመች ነው፤ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ትዝታ ለመቅዳት ከዚህ የተሻለ ክፍል በግቢው ውስጥ አታገኙም። ማሽኑ በቦታው ካለ ቢዝግም ቢጎድልም ለቆራሌው እንዳይሸጥ። በቆርቆሮ ጣሳ የፊልም ጥቅልል ካገኛችሁም ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ ለማየትም አትፍቱት፤ የኮምጣጤ ሽታ ካለው መበላሸት የጀመረ ነውና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጣችሁ ወመዘክርን፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትን፣ አማክሩ።

አሁን ወደ ጣሪያው። አዲስ አበባ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። የድሮ ሲኒማ ቤቶች ፊት ለፊታቸው ከጣሪያው በላይ ከፍ ብሎ የሚታይ ግድግዳ ስላላቸው የቆርቆሮው ውኃ ከዚያ ግድግዳ ጀርባ በተሸሸገ አሸንዳ ነው የሚሄደው። አሸንዳው ከመንገድ ስለማይታይ ማንም አይጠርገውም። አንድ ጊዜ እጄን አስገብቼ ያወጣሁት የበሰበሰ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የፕላስቲክ ከረጢትና አንድ የልጅ ኳስ ነበር፤ የአዳራሹን አንድ ጥግ ሙሉ ያበሰበሰው ይኸው ነበር። ስለዚህ ቆርቆሮ ለመግዛት ከመሮጣችሁ በፊት አሸንዳውን አስጠርጉ፣ የውኃ መውረጃ ቱቦዎቹን ክፈቱ፣ ቱቦው መሬት የሚደርስበት ቦታም ውኃውን ከግድግዳው እግር የሚያርቅ ቦይ ይኑረው። ከዚያ በኋላ የዛገውን ቆርቆሮ ለዩና ቀይሩ፤ ምስጥ የበላውን ሞራሌም አብራችሁ። ይህን ሥራ በሚያዝያና በግንቦት ካልጨረሳችሁት አንድ ዓመት ጠፋ ማለት ነው።

ስለ ግድግዳ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። በሥራዬ መጀመሪያ ላይ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ አንድ አዳራሽ ስንጠግን ለምረቃው ቀን እንዲደርስ ተቻኩለን እርጥቡን ግድግዳ በሲሚንቶ ለሰንነው፣ ቀለምም ቀባነው። በጣም አምሮ ነበር። በሁለተኛው ክረምት ልስኑ እንደ ቂጣ እየተነሣ ወደቀ፤ ሲሚንቶው ውስጡ የነበረው እርጥበት እንዳይወጣ አፍኖት ስለነበር ከሥሩ ያለውን ጭቃም ይዞት ወረደ። ሰው ያዋጣው ገንዘብ እንደዚያ ሲረግፍ ማየት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የእናንተም ግድግዳ ድንጋይና ጭቃ ወይም ድንጋይና ኖራ ከሆነ የረገፈውን አንሥታችሁ ቢያንስ አንድ በጋ ይድረቅ፤ ከዚያ በኖራ ይለሰን። ኖራ ቀስ ብሎ ይጠነክራል፣ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ግድግዳውን ግን ያስተነፍሰዋል።

ጣሪያው ከተከደነ በኋላ ስለ መግቢያው ክፍል ማሰብ ትችላላችሁ፤ ከሁሉም በላይ እንድታስቡበት የምፈልገውም ይህንኑ ነው። አስመራ የሚገኘውን ሲኒማ ሮማን ያየ ሰው የምለው ይገባዋል፤ እዚያ ሰው ወደ ሕንፃው የሚገባው ፊልም ለማየት ብቻ አይደለም፣ በመግቢያው ክፍል ውስጥ ቡና ቤት አለና ተቀምጦ ማኪያቶውን ይጠጣል። የእናንተም የመግቢያ ክፍል የጀበና ቡና የሚፈላበት፣ ጋዜጣ የሚነበብበት፣ ለፈተና የሚዘጋጁ ልጆች ማታ መብራት አግኝተው የሚያጠኑበት፣ እድራችሁ ወርኃዊ መዋጮውን የሚሰበስብበት ሊሆን ይችላል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው የማያፈስ ጣሪያ፣ አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ውኃና ንጹሕ መጸዳጃ ቤት ነው። መጸዳጃውን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት፤ እናቶችና ሴት ልጆች ደጋግመው የሚመጡበትና የማይመጡበት ቦታ የሚለየው በእሱ ነው። የመግቢያው ደረጃ አጠገብ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን ተዳፋት ሥሩ፤ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ያዝዛል። የትኬት መስኮቱን ግን እንዳለ ተዉት። ብዙውን ጊዜ የመስኮቱ ደፍ በሳንቲምና በእጅ ብዛት ጎድጉዶ ይገኛል፤ አዲስ ግራናይት ልደርብበት የሚል ባለሙያ ከመጣ እንዳይነካው ንገሩት።

ስለ አዳራሹ አጠር አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም ጊዜው ሲደርስ የራሱ ዲዛይን ያስፈልገዋል። አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ ሕንፃዎችን በምድብ «ሐ» ስለሚያስቀምጣቸው ንድፉ በተመዘገቡ ባለሙያዎች መሠራት አለበት፤ ከዚያ ወዲህ የወጡ መመሪያዎችንም ከክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ወለሉ ወደ ስክሪኑ የሚያዘቀዝቅ ስለሆነ ለስብሰባና ለሠርግ እንዲመች አፈርና ኮንክሪት ሞልተን እናስተካክለው የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። እባካችሁ አትቀበሉት። ከስክሪኑ ፊት ያሉትን ጥቂት ረድፎች አንሥታችሁ በብረትና በጣውላ ሜዳ መድረክ ሥሩ፤ የኋላው እንዳዘቀዘቀ ይቆይ። እንዲህ ሲሆን ከፊት ልምምድ፣ ትምህርትና ስብሰባ ይካሄዳል፤ ከኋላ ተቀምጦ ማየትም ይቻላል፤ አንድ ቀን ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ጣውላው ይነሣል። ቢያንስ ሁለት፣ እርስ በርስ የተራራቁ፣ ወደ ውጭ የሚከፈቱ መውጫ በሮች ይኑሩ፤ ሰው አዳራሽ ውስጥ እያለ ደግሞ አንዳቸውም በቁልፍ አይዘጉ። የጎን በሮች «ሌባ እንዳይገባ» ተብለው በብረት የተበየዱባቸውን አዳራሾች አይቻለሁ።

ባዶ አዳራሽ ያስተጋባል። ለምሳሌ 20 ሜትር በ12 ሜትር ሆኖ ቁመቱ 7 ሜትር የሆነ አዳራሽ 1,680 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል፤ ንግግር በግልጽ እንዲሰማበት ማስተጋባቱ ወደ አንድ ሰከንድ እንዲወርድ ከተፈለገ ወደ 270 ካሬ ሜትር ሙሉ በሙሉ ድምፅ የሚውጥ ገጽ ያስፈልገዋል። የተቀመጠ ሰው ራሱ ግማሽ ካሬ ሜትር ገደማ ስለሚውጥ 200 ሰው ሲገባ ሦስተኛው እጅ ይሸፈናል፤ የቀረውን ከውጭ የሚመጣ ውድ ሰሌዳ ሳትገዙ በኋለኛውና በጎን ግድግዳዎች ላይ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ በሚሰቀል ወፍራም መጋረጃና በእንጨት ፍሬም በተወጠረ የሱፍ ብርድ ልብስ ልትሸፍኑት ትችላላችሁ፤ እሳት እንዳይዘው ማስነከርን ግን አትርሱ። በፕሮጀክተርም ሻጮች እንዳያታልሏችሁ ስሌቱን ያዙ። የሲኒማ ስክሪን ብርሃን መለኪያው በካሬ ሜትር 48 ካንዴላ ነው፤ ወደ 20 ካሬ ሜትር የሚሰፋ ተራ ነጭ ስክሪን ይህን እንዲያገኝ ወደ 3,000 ሉመን (ሉመን ፕሮጀክተሩ የሚያወጣው ብርሃን መለኪያ ነው) በቂው ነው። መብራቱ ከጊዜ ጋር ስለሚደክም 5,000 ወይም 6,000 ሉመን ያለው የሌዘር ፕሮጀክተር ለዓመታት ያገለግላችኋል፤ 15,000 ሉመን ካልሆነ የሚላችሁን አትስሙት።

ወደ ክርክራችሁ ልመለስ። ፊልም ብቻ የሚያሳይ የሰፈር ሲኒማ ቤት ዛሬ ራሱን ያስተዳድራል ብዬ አላምንም። የቪዲዮ ቤቶች፣ ከዚያም ዲሽና ዩቲዩብ ተመልካቹን ወደ ቤቱ መልሰውታል፤ ወጥቶ የሚያየውም እንደ ኤድና ሞል ያሉ ብዙ አዳራሽ ያላቸውን ለምዷል። ፊልም ከሥራዎቻችሁ አንዱ ይሁን፤ ቅዳሜ ጠዋት ለልጆች፣ በወር አንድ ማታ ለሽማግሌዎች የድሮ ፊልም። በነፃ ብታሳዩም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ለሕዝብ ለማሳየት የመብቱ ባለቤት ፈቃድ ያስፈልጋችኋል፤ ዩቲዩብ ላይ መገኘቱ ፈቃድ አይሆንም። የአገራችን ፊልም ሠሪዎች ቀርባችሁ ብትጠይቋቸው ብዙዎቹ በትንሽ ክፍያ እንደሚስማሙ፣ አንዳንዶቹም መጥተው ከተመልካቹ ጋር እንደሚወያዩ ከልምድ አውቃለሁ። የእንግሊዝ ኳስ የሚለው ሐሳብም መምጣቱ አይቀርም፤ አዳራሹን ይሞላል፣ ገንዘብም ያመጣል። ነገር ግን ቅዳሜና እሑድ ሁሉ የኳስ ቤት ከሆነ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች በአንድ ወር ውስጥ ይለቁታል። ለትልልቅ ጨዋታዎች ብቻ፣ በታወቀ ቀን፣ የማሳያ ፈቃዱ ተከፍሎበት ቢሆን እስማማለሁ።

ባለሀብትን በተመለከተ አጋር ከሆነ አልቃወምም፤ ባለይዞታ እንዲሆን ግን አልመክርም። በፍልስጥኤም፣ በጄኒን ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 የተዘጋ አንድ ሲኒማ ቤት ነበር። ከውጭ በመጣ ድጋፍና በበጎ ፈቃደኞች ድካም ታድሶ በ2010 በታላቅ ደስታ ተከፈተ። ሕንፃው ግን የግል ንብረት ስለነበር ተሸጠ፤ በ2016 መጨረሻም ለንግድ ማዕከል ተብሎ ፈረሰ። ያን ሁሉ የደከሙለት ሰዎች በሕንፃው ላይ መብት አልነበራቸውም። ስለዚህ ጣሪያ ላይ ገንዘብ ከማፍሰሳችሁ በፊት ከባለይዞታው ጋር ቢያንስ የ10 ዓመት የመጠቀሚያ ውል ይፈረም፤ ውሉ ቢቋረጥ ለጥገና ያወጣችሁት እንዴት እንደሚተካ ይጻፍበት። ውሉን የሚፈርመው ሕጋዊ ሰውነት ያለው ማኅበር መሆን አለበት። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ማኅበራት ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዲሠሩ ይፈቅዳል፤ ትርፉ ግን ለዓላማው ይውላል እንጂ ለአባላት አይከፋፈልም። እድራችሁ የዚህ ማኅበር ምሰሶ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ መዝገብ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ሰው ያምነዋል። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ተስማሙ፤ የእድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት መድረኩ ላይ አይቀመጥም። ለሦስት ቀን ተብሎ የገባ ዕቃ አዳራሹን እንዴት ዕቃ ቤት እንደሚያደርገው ከወረዳው ዕቃ አይታችኋል።

የስሙ ጥያቄ ቀርቷል። አትቀይሩት። ብሔራዊ ቴአትር በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲኒማ ማርኮኒ ተብሎ ተጀምሮ በ1948 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የተከፈተ፣ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላም የዛሬውን ስሙን ያገኘ ነው፤ የእሱ ስም የተቀየረው ግን መንግሥት ሲቀየር ነበር። የእናንተ ሰፈር ስሙን ያቆየው ራሱ ነው፤ በሩ ተዘግቶ እያለ እንኳ ተሳፋሪው «ወራጅ አለ» የሚለው በዚያ ስም ነው። ፊት ለፊቱ ላይ የነበሩት የስሙ ፊደሎች ወድቀው ከሆነም አትዘኑ፤ ፊደሉ ለዓመታት የሸፈነው ልስን ከዙሪያው ስለሚነጣ ቅርጹ ጥዋት በጎን ፀሐይ ሲመታው ይታያል። ቀለም ቀቢው ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት አንድ ሰው መሰላል ላይ ወጥቶ ሰፊ ወረቀት ይለጥፍና እያንዳንዱን ፊደል በእርሳስ ይገልብጠው፤ የፊደሎቹን ርቀትም በሜትር ይለካ።